በወንዝ ዳር የሚተነፍሰው ቤት

አባቴ ብረት ሠሪ ነበር። ኢየሩሳሌም ከገባን በኋላ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መቫሰረት ጽዮን በሚባለው የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ሳለን የመዝገብ ሠራተኛዋ በአስተርጓሚ «ሥራዎ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ገበሬ» አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች። ቂርያት መናሔም በሚባል ሰፈር ቤት ተሰጥቶን ከገባን በኋላም በፎቁ ላይ ያሉት ወገኖቻችን የሚያውቁት ገበሬ እንደነበረ ነው።

እኔ ደግሞ ዕጣዬ ሆኖ ብረት ቤት ገባሁ። ተልፒዮት በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የበርና የመስኮት ማጠፊያ የሚያመርት አነስ ያለ ፋብሪካ ነበር። ፕሬስ በሚሉት ማሽን ፊት ቆሜ የብረት ቁራጭ አጎርሰዋለሁ። እሱ አንዴ ተጭኖ፣ ቆርጦና አጥፎ ይመልስልኛል። የሚሠራው በአየር ግፊት ስለነበር በወረደ ቁጥር «ሁፍ» ብሎ ይተነፍሳል። የመጀመሪያው ሰሞን ያ ትንፋሽ አንገቴን ሲነካኝ ዞር እያልኩ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አይ ነበር። ማንም የለም። ከወር በኋላ መዞሩን ተውኩት፤ ትንፋሹን መስማቱን ግን አልተውኩም።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን አቋርጬ ስለነበር በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ለመልቀቂያ ፈተና የሚያዘጋጅ ክፍል እገባ ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ከሩሲያ የመጣች፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ሴት ናት። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፈች። «ፋብሪካ በአንዳንድ አገሮች ቀድሞ የተጀመረው፣ በሌሎቹ የዘገየው ለምንድን ነው?» ከሥሩ ምክንያቶች ደረደረች። ለመሬት ወለል የቀረበ የድንጋይ ከሰል፤ ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ፤ ለፈጠራ ሰው መብት የሚሰጥ ሕግ፤ የሠራተኛ ደመወዝ ውድ መሆን። የመጨረሻውን እንዲህ ስትል አስረዳችን፦ «እጅ በረከሰበት ማሽን ማን ይፈልጋል? ማሽን የሚፈለገው እጅ ሲጠፋ ነው።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ሁላችሁም ከተለያየ አገር ነው የመጣችሁት። ቤታችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። አገራችሁ ለምን ዘገየ? ከመጽሐፍ አትገልብጡ፤ ሰው ጠይቁ።»

የሚጠየቅ ሰው እኔ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ። ሰንበት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሸለቆውን ሲያይ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጥያቄውን ነገርኩት።

«አስተማሪሽ ምን አለች?» አለኝ።

«የድንጋይ ከሰል የላችሁም አለች። ሕግ አለች። ወንዝ አለች።»

«ወንዝማ ነበረን» አለ።

 እናቴ ከውስጥ ሆና እየሰማች እንደነበር ያወቅሁት የሣህን መንኳኳቱ ስለቆመ ነው።

አባቴ የነገረኝ ይህን ነው።

መንደራችን ከጎንደር ወዲህ ማዶ፣ ከአንዲት ወንዝ በላይ ነበር። ብረት መሥሪያው ጎጆ ግን ከመንደሩ ተነጥሎ ከታች፣ ከውኃው ዳር ነው። ብረት የሚሠራ ሰው ወናፍ የሚነፋለት ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሁለት የፍየል ቆዳዎችን ተራ በተራ እያነሳ የሚጫን፣ እሳቱን ሕያው አድርጎ የሚያቆይ። ለአባቴ ወናፍ የምትነፋለት እናቴ ነበረች። በዚያ ዓመት ግን እናቴ መንታ ወልዳ ታመመች፤ መንታዎቹም አልቆዩላትም። እኔ ገና አምስት ዓመቴ ነው። ሌላ የሚነፋ ሰው ጠፋ። ከክርስቲያኖቹ መንደር ማንም እሳታችን አጠገብ አይቀመጥም፤ ማጭድና ማረሻ ሊወስዱ ሲመጡ እንኳን ከደጅ ቆመው ነው የሚቀበሉት፤ ልጆቻቸውንም ከዓይናችን በነጠላቸው ይጋርዳሉ።

«አንድ ጊዜ ከተማ ወርጄ ፈረንጅ ያሠራው የውኃ ወፍጮ አይቼ ነበር» አለኝ አባቴ። «ውኃው መንኮራኩር ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ድንጋይ ያዞራል። ድንጋይ ካዞረ ቆዳ ማንሳት ይሳነዋል? አልኩ።»

ክረምቱን ሙሉ እንጨት ጠረበ። መንኮራኩሩ ሲዞር ጥርሱ አንዱን ምሰሶ ያነሳና ይለቃል፤ ምሰሶው ቆዳውን ያነሳና ይለቃል። መስከረም ላይ ውኃውን በቦይ ሲለቅበት ወናፉ ያለ ሰው እጅ ተነፈሰ። አባቴ በሁለት ቀን የሚጨርሰውን በአንድ ቀን መጨረስ ጀመረ። ሌላም አሰበ። መዶሻውንም በውኃ ላንሳው፣ ከባዱንና ሁለት ሰው የማያነሳውን መዶሻ፣ ብሎ እንጨት መምረጥ ጀምሮ ነበር።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «ምን ላርግ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቦዩን መዝጋት ጠልቼ አንዳንድ ቀን ብረት ሳይኖረኝ እንኳን እንዲነፋ እተወው ነበር። ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።»

የሰማው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች ጎጆው ሲተነፍስ ሰሙ። በሩ ዝግ ነው፣ አባቴ ገበያ ሄዷል፣ እናቴ ከላይ ቤት ተኝታለች። ጎጆው ግን ይተነፍሳል፤ ረጅም፣ እንደ ታመመ ሰው። ሴቶቹ እንስራቸውን እየጣሉ ሮጡ።

በዚያው ሰሞን በአካባቢው ኩፍኝ ገባ። ከክርስቲያኖቹ መንደር አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ታመመች። ለእናቷ አንድ ናት። ሐኪም አልነበረም፤ ቡዳ አወጣለሁ የሚል ሰው መጥቶ አጠናት። ልጅቱ በትኩሳት ውስጥ ሆና ለፈለፈች። «የት ነው ያለሽ?» ብለው ሲጠይቋት «ከሚተነፍሰው ቤት» አለች ይባላል። በማግስቱ ሞተች።

እዚህ ላይ አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር ቀጠለ። አገር የሚያምነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር ጠርቶ ያስነሳዋል፣ ቤቱ ወስዶም ያሠራዋል ይባላል። ስለዚህ መቃብሯን ዘመዶቿ ጠበቁት። በሦስተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ዘነበና ለመጠለል ገቡ። ጠዋት ሲመለሱ የመቃብሩ አፈር ሰጥሟል። አፈር በዝናብ እንደሚሰጥም ማንም ገበሬ ያውቃል። ግን ከታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ወናፉ ይተነፍስ ነበር።

«የዚያን ቀን ቦዩን ዘግቼዋለሁ» አለ አባቴ። «ዘግቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ዝናቡ ጥሶት ይሆናል። ይሆናል እላለሁ።»

ችቦ ይዘው መጡ። ጎጆውን፣ መንኮራኩሩን፣ ምሰሶዎቹን ሁሉ አቃጠሉ። እኛ በዚያው ቀን ልብስና መዶሻ ብቻ ይዘን ወደ ሌላ አውራጃ ተሰደድን። አባቴ ከዚያ በኋላ ማጭድና ማረሻ እንጂ አዲስ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

«አስተማሪሽን እንዲህ በያት» አለኝና ተነሳ። ምን እንደምላት ግን አልነገረኝም። ወደ ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወደ ፋብሪካው መሸጫ መጣ። የተሰበረ ማጠፊያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል፤ ክንድ የሚያህል፣ የድሮ፣ በእጅ የተቀጠቀጠ። አለቃችን መደርደሪያውን ሁሉ አሳየው። የሚገጥም ጠፋ። በዕብራይስጥ መግባባት ሲያቅታቸው እኔ ተጠራሁ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» አለኝ መነኩሴው አማርኛዬን ሲሰማ። ማጠፊያው ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው የኢየሩሳሌም ጎዳና ካለው ገዳማቸው የጓሮ በር እንደሆነ ነገረኝ። በሩ ከባድ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ የተቀበረው ተሸካሚም የድሮ ስለሆነ አዲሱ አይገባበትም። «ብየዳ ቤት ወሰድኩት፤ በሩን ለውጡ አሉኝ። በሩን መለወጥ አልፈልግም።»

«አባቴ ይሠራዋል» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

አባቴ ማታ ሲሰማ ተቆጣ። «ብረት ሠሪ ነው ብለሽ ንገሪ ማን አለሽ? ገዳም? እኔ ገዳም ገብቼ ብረት ልነካ? የረሳሁትን አገር ልታስታውሽኝ ነው?» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም ከመነኩሴው የተቀበልኩትን ማጠፊያ ከጋዜጣው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

ጠዋት ስነሳ መስኮት አጠገብ ቆሞ ብርሃን ላይ ያገላብጠዋል። «ይህን የሠራው ሰው ግራኝ ነው» አለኝ። «መዶሻው ከየት እንዳረፈ እይው። ሰነፍ ግን አይደለም።» ትንሽ ቆይቶ፦ «ከሰል ይገኛል?»

ዓርብ ዕለት፣ ሥራ በጊዜ ሲወጣ፣ ፋብሪካው ግቢ ወሰድኩት። ከሰሉ ሥጋ ለመጥበሻ ከሱቅ የሚገዛው ነው። ብረቱ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ከመጋዘን የወጣ የተቆረጠ የባቡር ሐዲድ ነው። ለወናፍ አለቃችን ከአየር መጭመቂያው ማሽን አንድ ቱቦ ጎትቶ ሰጠን። ቱቦው ከሰሉ ላይ ሲነፋ እሳቱ ወዲያው ነጣ።

አባቴ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

«ማን ነው የሚነፋው?»

«ማሽን ነው፣ አባዬ።»

«እሱንማ አያለሁ» አለና ቱቦው ወደ ገባበት ግድግዳ ሄደ። ከግድግዳው ጀርባ ማሽኑ ይተነፍስ ነበር። ጆሮውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው ማለት ይከብደኛል፤ አንድ የሚያውቀው ሰው ከዚያ ወዲያ ሲናገር እንደሰማና ቃሉን ለመለየት እንደሚጥር ሰው ነበር። በመጨረሻ ተመለሰና ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያስቸግረኛል። ሽማግሌ፣ ጎበጥ ያለ፣ አውቶቡስ ላይ መቀመጫ የሚለቁለት አባቴ ጠፍቶ ሌላ ሰው መጣ። ከማሽን ክፍል የነበረው ሩሲያዊ ሲጋራውን ረስቶ አየው። ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም የሚመጣው በያጅ ሳይጠራ ጉጠት ያዘለት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማጠፊያው አለቀ፤ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዝገቱ ብቻ ነው የሚለየው። አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ «ይህን ሰውዬ የት ደብቀሽው ነበር?» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ሄድን። ከነቢያት መንገድ ታጥፎ የሚወጣው ያ ጠባብ መንገድ፣ ግንቡ በሁለቱም በኩል ከሰው በላይ ስለሆነ፣ የከተማው ጩኸት እዚያ ሲደርስ ይቋረጣል። የራሳችንን እርምጃ ብቻ እንሰማ ነበር። አባቴ ግንቡን ተጠግቶ ነው የሚሄደው። በሩ ላይ ስንደርስ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም።

መነኩሴው ወደ ጓሮው ወሰደን። የብረቱ በር አንድ ትከሻው ወርዶ ግንቡን ተደግፏል። አባቴ ወዲያው ሥራ ጀመረ፤ እኔ በሩን በትከሻዬ ደግፌ እይዝለታለሁ። መነኩሴው ጥቂት ቆሞ አየንና ወደ ጸሎቱ ሄደ። በጓሮው ካለው ጽድ ዛፍ ሥር አንዲት እማሆይ ተቀምጠው ነበር። ስንገባም እዚያ ነበሩ። መቁጠሪያ ይዘዋል፤ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም። እያዩን ነው።

አባቴ የመጨረሻውን ሚስማር መትቶ በሩን ወዲህና ወዲያ አንቀሳቀሰው። ድምፅ አልነበረውም። ያኔ እማሆይ ተነሡ። መቋሚያቸውን እየተከሉ መጥተው ከአባቴ ፊት ቆሙ። የአባቴ የግራ ቅንድብ ወጣት ሳለ በብረት ፍንጣሪ ተቃጥሎ ከዚያ ወዲህ አልበቀለም። እማሆይ ትኩር ብለው ያዩት ያንን ነው።

«አንተ ነህ» አሉት። «ከወንዙ ዳር ያለኸው።»

አባቴ መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

«ማን ልበል፣ እማሆይ?»

«የልጅቱ እናት ነኝ።»

  አባቴ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«እማሆይ፣ ልጅዎ በኩፍኝ ነው የሞተችው» አለ። «እኔ ልጅ አልበላሁም። ሰው ሰው አይበላም።»

«እንዲህ እንደምትል አውቃለሁ» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «እኔ ለክስ አልመጣሁም። ክስ ድሮ ቀርቷል። ያኔ ችቦ ይዤ ከፊት የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ እሱንም ተናዝዣለሁ። መንኮራኩሩን ካቃጠልን ትለቀቃለች ብለውኝ ነበር። ሲቃጠል ጮኸ። የእሷ ድምፅ ነበር።»

«እርጥብ እንጨት ነው፣ እማሆይ። በውኃ የራሰ እንጨት ሲነድ ይጮኻል።»

«ሰምተኸዋል?»

አባቴ ዓይኑን ወደ አዲሱ ማጠፊያ መለሰ።

«ሰምተኸዋል» አሉ እማሆይ።

«ከኮረብታው ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» አለ አባቴ። ይህንን ለእኔ አልነገረኝም ነበር።

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ከዚያ በኋላ የት እንደሄዳችሁ ጠፋኝ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ወገኖችህ ሁሉ በአውሮፕላን ኢየሩሳሌም ገቡ ሲሉ ሰማሁ። እሷንም ወስዷታል አልኩ። መንኩሼ ነበርና ለመሳለም ብዬ መጣሁ። እውነቱ ግን ለመሳለም አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስትመላለሱ ፊታችሁን ሳይ ነው የኖርኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ናት?»

«ልጄ ናት!» አለ አባቴ፤ ጮኸ ማለት ይቻላል። «እናቷ የወለደቻት የገዛ ልጄ ናት!»

«በግራ እጇ አንጓ ላይ ጠባሳ ነበራት» አሉ እማሆይ፣ እሱን እንዳልሰሙ ሁሉ። «ፍም ዘሎባት። ምስር የምታክል።»

ረጅም እጅጌ ነበር የለበስኩት። እጅጌዬን አልሰበሰብኩም፤ መሰብሰብም አላስፈለገኝም። በግራ እጄ አንጓ ላይ ጠባሳ አለኝ። ምስር አያክልም፤ ባቄላ ያክላል።

አባቴ ምን እንደማስብ አወቀ። «የብረት ሠሪ ልጅ ናት» አለ። «ጠባሳ የሌላት የብረት ሠሪ ልጅ የለችም። ደግሞ የእሷ ትልቅ ነው።»

«ጠባሳ ከልጅ ጋር ያድጋል» አሉ እማሆይ።

ወደ እኔ ቀረቡ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ጀምሯል፤ ምን ያህል እንደሚያዩኝ አላውቅም። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ሳይነኩ ከፊቴ በጣት ያህል ርቀት ላይ አቆዩት። የእጃቸው ሙቀት ይሰማኝ ነበር። ክፉ ነገር ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይመግቡሻል?» አሉኝ።

አባቴ አየኝ። አይ፣ እኔ ያቺ አይደለሁም፣ እናቴ ቂርያት መናሔም ናት፣ ማለት ነበረብኝ። ያን ማለት አልቻልኩም።

«አዎ፣ እማሆይ» አልኳቸው። «በደንብ ይመግቡኛል።»

«ሥራ አያበዙብሽም?»

«አያበዙብኝም።»

«ተመስገን» አሉና ወደ ጽዱ ሥር ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጣታቸው መቁጠሪያውን መግፋት ጀመረ።

በአውቶቡሱ ውስጥ አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ መስኮት ሲያይ ቆየና «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለኝ።

«እንጃ፣ አባዬ።»

«አሁን ቡዳ ነው ብለሽ መሰከርሽብኝ እኮ።»

እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። አለቀስኩ። አባቴ እጁን ጉልበቴ ላይ አኖረና እስክንወርድ ድረስ አላነሳውም። «እኔም ብሆን ሌላ ነገር አላገኝላትም ነበር» አለ ከወረድን በኋላ።

ማታ እናቴን ስለ ጠባሳዬ ጠየቅኋት። «ከወናፉ አጠገብ ፍንጣሪ ነው» አለች ሳታመነታ። ከዚያ ጨርሼ ሳልጠይቃት ሌላ ነገር ጨመረች። በዚያው ሳምንት እኔም ኩፍኝ ታምሜ ነበር። ሞታለች ብለው ገንዘውኝ ነበር። ያቺ ልጅ የሞተች ዕለት ጠዋት ዓይኔን ገልጬ ውኃ ጠየቅሁ። «ለዚያ ነው ቶሎ የሸሸነው» አለች እናቴ። «አንቺን ሕያው ሆነሽ ቢያዩሽ ምን እንደሚሉ እናውቅ ነበር።»

ለአስተማሪዬ የጻፍኩት ስለ መንኮራኩሩ ብቻ ነው። የድንጋይ ከሰል ስለሌለን ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ስላልነበረን፣ ጭሰኛና ባሪያ ስለነበረ፣ ጦርነት ስላላባራ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የማውቀው አንድ መንኮራኩር ነው ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ።

«ሌላም አገር ማሽን ሰብረዋል፣ አቃጥለዋል» አለችኝ። «ሥራችንን ቀማን ብለው፣ ሰይጣን ነው ብለውም። አባትሽ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ሄዶ ለምን አልሠራውም?»

«የትም ቢሄድ ዓይኑን ይፈሩታል።»

«እንግዲህ» አለች፤ ወረቀቴን ወደ ራሷ ሳበች። «ፋብሪካ ቀድሞ በተጀመረበት አገር ማሽኑ የተቃጠለበት ሰው ወደሚቀጥለው ከተማ ሄዶ በር ያንኳኳ ነበር። የሚከፍትለት ሰው ነበረው። እኔ ሰሌዳው ላይ ይህን አልጻፍኩትም።»

አባቴ በዚያው ክረምት ፋብሪካው ገባ። አለቃችን ለድሮ ቤቶች የሚሆን ማጠፊያ የሚሠራለት ሰው ሲፈልግ ነበርና በሳምንት ሦስት ቀን ቀጠረው። አራት ዓመት ሠራ። የጎረቤቶቻችን ልጆች በዕብራይስጥ «ሳባ»፣ አያት ማለታቸው ነው፣ «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት «ብረት» ይላቸው ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ግን ዳግመኛ አልሄደም፤ በዚያ የሚያልፍ አውቶቡስም አይሳፈርም።

እኔ ሄድኩ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ እማሆይን ከጽዱ ሥር አገኛቸዋለሁ። ፍራፍሬ ይዤላቸው እሄዳለሁ። የሚያወሩኝ ስለ ልጅቱ ነው፤ ግን «እሷ» አይሉም። «ከግድግዳው በኩል ካልሆነ አትተኚም ነበር» ይሉኛል። «የተልባ ውኃ ስትጠጪ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ነጯን ጥጃ ካልሳምሽ ከቤት አትወጪም።» እኔ አዎ ብዬም አላውቅም፣ አይ ብዬም አላውቅም። እሰማለሁ። አንድ ዓርብ ስሄድ ቦታው ባዶ ነበር። መነኩሴው ማክሰኞ ዕለት እንዳረፉ፣ ሲያርፉም እንዳልተጨነቁ ነገረኝ።

ወላጆቼ ሁለቱም አሁን የሉም። እኔም ልጆች ወልጄ ስለ ልጅነቴ ይጠይቁኛል። ብዙ የማስታውሰው የለኝም፤ የወንዙን ድምፅ፣ የጭሱን ሽታ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም ጠርቶ ይታየኛል። ጠዋት ነው፣ ደጁ ላይ ጤዛ አለ፣ አንዲት ነጭ ጥጃ እርጥብ አፍንጫዋን ወደ ፊቴ ታስጠጋለች፣ እኔም ዓይኖቿ መሃል እስማታለሁ። ትንፋሿ የወተት ሽታ አለው።

እናቴ ሳትሞት ጠይቄያት ነበር። እኛ ቤት ላም ኖሮን አያውቅም።